ዶሮው በሦስት ማንኪያ ይበቃል፣ ሽሮው በሳህን ይገባል፤ ጨጓራዬ ሰፋ ማለት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት አጠር አድርጌ ልድገመው። ስሊቭ (ክብደት ለመቀነስ ጨጓራን የሚያሳንሰው ቀዶ ሕክምና) ከተሠራሽ ሁለት ወር ተኩል ሆኖሻል። ዶሮ ስትበዪ ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ደረትሽን ጭንቅ ያደርግሻል፤ የሽሮ ፍትፍት ሲሆን ግን ሳህኑን ጨርሰሽ የጠገብሽ አይመስልሽም። «ጨጓራዬ ሰፍቶ ይሆን? በዚህ ጊዜ ስንት ነው የሚበላው?» ነው ያልሽው።

አልሰፋም፣ አትደንግጪ። ስሊቭ ሲሠራ ከጨጓራው ከመቶ 75 እስከ 80 እጁ ይወጣል፤ የሚቀረው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ጠባብ ክፍል ነው። ሽሮ፣ ሾርባ፣ ገንፎ፣ የራሰ ፍርፍር እዚያ ብዙ አይቆዩም፤ አንቺ እየበላሽ እነሱ ወደ አንጀት እየወረዱ ስለሆነ ቦታው አይሞላም። ዶሮና ሥጋ ግን እስኪልሙ ድረስ ጨጓራ ውስጥ ይቆያሉ። በትንሹ ይሞላሉ፣ ለሰዓታትም ይይዛሉ። ስለዚህ ትክክለኛ ልክሽን የሚነግርሽ ዶሮው ነው እንጂ ሽሮው አይደለም። ደግሞ የቀዶ ሕክምናው እብጠት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየጎደለ ስለሚሄድ፣ የምትበዪው መጠን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢጨምር የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ የሚመጣው ነገር አንድ ነው፦ ሰተት ብሎ የሚያልፍ ምግብ ስትበዪ ጥጋብን ጠብቀሽ ለማቆም አትሞክሪ። ጥጋቡ አይመጣም፣ ወይም ከመጠን ካለፈ በኋላ ይመጣል። አስቀድመሽ ለክተሽ አውጪና የተለካው ሲያልቅ አቁሚ።

መለኪያው ቤትሽ ውስጥ አለ። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የቡና ሲኒም ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሲኒ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ግን የራስሽን አንዴ በሲሪንጅ ውሃ እየሞላሽ ለኪው። ለሥጋና ለዶሮ ግን ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ብትገዢ ይሻላል፣ ዓይን ያታልላል።

አብዛኛው ሰው የሚሄድበት መጠን ይህን ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ነው፣ በትንሽ በትንሹ እየተጎነጩ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የተፈጨ ምግብ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ልስልስ ምግብ፣ ከ4 እስከ 6 ማንኪያ። አንቺ ያለሽበት ሦስተኛው ወር ላይ በአንድ ማዕድ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ጠጣር ዶሮ ወይም ሥጋ ከሆነ ከተበሰለ በኋላ ተመዝኖ ከ40 እስከ 60 ግራም። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ዓመት ሲሞላ አንድ ስኒ ሻይ የሚያህል፣ ከ200 እስከ 240 ሚሊ ሊትር ቢሆን ጤናማ ነው። ያንቺ ሐኪም ከዚህ የተለየ ካዘዘ የእሱን ያዢ፤ በተለይ ባይፓስ (ጨጓራው ተከፍሎ ትንሹ ክፍል ከአንጀት ጋር የሚገናኝበት ሌላው ቀዶ ሕክምና) የተሠሩ ሰዎች የሚቀርላቸው ጨጓራ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ አጀማመራቸው ከዚህም ያነሰ ነው።

ማንኪያው ውስጥ ምን አለ የሚለው ከመጠኑ እኩል ያሳስበኛል። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል፤ ካልሞላ የሚቀንሰው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም ይሄዳል። ሽሮ ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሽሮ ዱቄት በራሱ ፕሮቲን አለው፤ ወጡ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። 20 ግራም ዱቄት የገባበት ሽሮ 4 ግራም ገደማ ብቻ ይሰጥሻል። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው፤ 50 ግራም የተቀቀለ የዶሮ ደረት 15 ግራም፤ 50 ግራም ዓሣ ወይም ቱና 12 ግራም ገደማ፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም፤ 200 ሚሊ ሊትር ወተት 7 ግራም። ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም ሾርባ ላይ ብትበጠብጪ 5 ግራም ይጨምርልሻል፣ መጠኑን ሳያበዛ። ጠዋት እንቁላል ከሁለት ማንኪያ አይብ ጋር፣ ረፋድ ላይ ዱቄት ወተት የተጨመረበት ወተት፣ ምሳ ዶሮ፣ አሥር ሰዓት ላይ ስኳር የሌለው እርጎ፣ ማታ ዓሣ፣ ከመኝታ በፊት ወተት፤ ይህ ሲደመር 60 ይጠጋል። ወተት ሆድሽን ከነፋው ወይም ካስቀመጠሽ በእርጎ ለውጪው።

ዶሮው ደረትሽ ላይ የሚቆመው በአብዛኛው ስለሚደርቅ ነው። የደረት ሥጋ ትተሽ የጭኑን ያዢ፣ በመረቁ ውስጥ እስኪፈረፈር ይብሰል፣ ከላይ የተንሳፈፈውን ቅቤ በማንኪያ አንሺ፣ በጣትሽ ቃጫ ቃጫውን ለይተሽ ከመረቁ ጋር ብዪ። በማግስቱ ተሞቆ የመጣ ዶሮ በጣም ይደርቃል፤ ብዙ ሰው «ትናንት ተስማምቶኝ ነበር፣ ዛሬ አንቆ ሊገድለኝ» የሚለው በዚህ ነው። ቀይ ሥጋ ከፈለግሽ የተፈጨና በደንብ የበሰለ ይሁን። ጥሬ ሥጋ ጨርሶ አይሁን፤ ማላመጡም አይሳካም፣ ተውሳኩም አለ።

እንጀራ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ልስልስ ስለሆነ ሳይላመጥ ይዋጣል፣ ከዚያ ታች ሲደርስ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ይድቦለቦላል። ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታም እንዲሁ። አሁን ላይ ፕሮቲኑን ከጨረስሽ በኋላ የመዳፍሽን ግማሽ የምታህል ቁራሽ በቂ ነው፤ ወጡን በሹካ ብዪ፣ እንጀራውን በጎን ትንሽ ትንሽ። ፍርፍርና ጨጨብሳ ግን ተቃራኒው ችግር አላቸው፦ በጣም ይስማማሉ፣ ሰተት ብለው ያልፋሉ፣ ክብደት መቀነሱ የሚቆመውም ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው።

ከትሪው አትብዪ። ከሰው ጋር ብትቀመጪም ያንቺ በትንሽ ሳህን ተለክቶ ይቅረብ፤ ከትሪ ላይ ስንት እንደበላሽ ማወቅ አይቻልም። ጉርሻም አትቀበዪ። እናትም ብትሆን፣ አክስትም ብትሆን፣ «በሞቴ» ቢባልም። የአንድ ደህና ጉርሻ መጠን ሁለትና ሦስት ማንኪያ ነው፣ ያንቺ ማዕድ ግማሽ ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይላመጥ የሚገባ። ቅር እንዳይላቸው ከምግቡ በፊት አስረጂያቸው፤ ቀርቦ ከሆነ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።

ጉርሻሽ የሽምብራ ፍሬ ታህል፣ ሃያ ጊዜ ያህል አላምጪ፣ ማንኪያውን አስቀምጪ፣ ከዚያ ሌላ። ማዕዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፍጅ፤ ከዚያ በላይ መጎተት ሲቆነጥሩ መዋል ይሆናል። ማቆሚያ ምልክቱ ሆድ መንፋት ላይሆን ይችላል፦ ድንገት ስቅ ማለት፣ ንፍጥ መውረድ፣ ማስነጠስ፣ ረጅም ትንፋሽ፣ ከደረት አጥንት ሥር መጨናነቅ። ከእነዚህ አንዱ ሲመጣ ማንኪያ ላይ ያለውንም መልሺው። አንድ ተጨማሪ ጉርሻ ነው ወደ ማስመለስ የሚወስደው። ምግብ ከተያዘብሽ ውሃ አትጠጪበት፤ አይገፋውም፣ ላዩ ላይ ይከመርና ነጭ አረፋ ያስተፋሻል። ተነሺ፣ ወዲያ ወዲህ ተመላለሺ፣ ጠብቂ።

ውሃ እስከ ማዕዱ ድረስ መጠጣት ይቻላል፤ ከበላሽ በኋላ ግን 30 ደቂቃ ቆይተሽ ነው። በቀን ከ1.5 ሊትር እንዳያንስ፣ ስለዚህ ጠርሙሱ ከእጅሽ አይለይ። ስኳር የበዛበት አጥሚት፣ በሶ፣ ጭማቂና ለስላሳ ከበላሽ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ልብ ሊመታብሽ፣ ላብ ሊያሰምጥሽ፣ ሊያስቀምጥሽ ይችላል፤ ዳምፒንግ ይሉታል፣ ባይፓስ ላይ ይበረታል። ቡና ሲፈላ ከቆሎውና ከዳቦ ቆሎው ራቂ፤ አንድ እፍኝ፣ ሌላ እፍኝ እያለ የቀኑን ልክ ያበላሻል።

ጾም ከገባ፦ ከወተትና ከእንቁላል ውጪ 60 ግራም ለመሙላት፣ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ፣ በዚህ መጠን በጣም ይከብዳል። ለንስሐ አባትሽ አስረጂያቸው፤ ለታመመ የሚፈቀድ ነው። ለረመዳንም ብዙ ሐኪሞች የመጀመሪያው ዓመት እንዲያልፍ ይመክራሉ፣ በዋናነት በውሃ ጥማት ምክንያት።

የታዘዘልሽን ቫይታሚን አታቋርጪ፤ ካልሲየምና ብረት ግን በሁለት ሰዓት ይራራቁ። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ካልወረደልሽ ወይም ማስመለሱ ከሁለት ቀን ካለፈ ሆስፒታል ሂጂና «ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ፣ ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልገኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቂ፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት መታየት ያለበት ነገር ነው፣ ሲጎድል አእምሮንና ዓይንን ይነካል። ትኩሳት፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም ሲያርፉም የማይቀንስ የልብ ምት ካለ ደግሞ አንድ ቀንም አትጠብቂ።