ተማሪ እያለ ግድግዳ ለምታድሱ

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ውጭውን አድሱ ስትባሉ መጀመሪያ የምትሰሙት «ተማሪው ሲወጣ፣ በክረምት ሥሩት» የሚል ነው። እሺ እንዳትሉ። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ደጋ ላይ ዝናቡ አያባራም፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ያብጣል፣ ይላጣል። ስለዚህ ሥራው የበጋ ነው፤ ክፍሉ ሁሉ በተማሪ በተሞላበት ወቅት ማለት ነው።

በጋውም የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ሲሚንቶ መጠንከሩ እጅግ ይዘገያል፤ ትኩስ ልስን ውርጭ ከመታው ደግሞ ይፈረካከሳል። ፀሐይ ግድግዳውን ሳታሞቀው ልስን አትጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላም በጊዜ አቁሙ። ውሃ ረፋድ ላይ አጠጡት፤ ማታ እርጥብ ጆንያ ሳይሆን ደረቅ ላስቲክ አልብሱት። ፎርማኑ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ አሸንዳውን እዩ። ውሃው ከላይ እየፈሰሰ ከሆነ ከታች የምትለስኑት ሁሉ ከንቱ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ከሥር የሚያልፈው ሰው ነው። አራቱንም ፊት ባንድ ጊዜ በመወጣጫ አትክበቡ፤ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። ምንጊዜም ቢያንስ ሁለት በር ክፍት ይሁን። መግቢያው ላይ በወፍራም ጣውላ የተሸፈነ መተላለፊያ ሥሩ፤ ስስ ቆርቆሮ ከሦስተኛ ፎቅ የሚወድቅ የልስን ቁራጭ አያስቆምም። የደብረ ብርሃን ነፋስ አጣናውን ያላላዋልና ማሰሪያውን በየጠዋቱ ፈትሹ፤ ይህን ለማንም አትተዉት።

ዓይነ ስውር ተማሪ መንገዱን በእግሩና በዱላው ለምዶታል። በር ስትቀይሩ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ለእሱ ወረቀት ነው። ከመቀየራችሁ በፊት አግኙት፤ በአዲሱ መንገድ አብራችሁት ሂዱ። እሱ በሚያልፍበት አሸዋ የሚያራግፍ የገልባጭ ሾፌር ካለ ከሥራ አስቁሙት፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

የፈተና ሰሌዳውን አስቀድማችሁ ከሬጅስትራር ውሰዱ። አዲስ ልስን ቀለም እስኪቀባ 28 ቀን ያህል ይቆያል፤ ልስኑን ቀደም አድርጋችሁ ከጨረሳችሁ ያ ቆይታ ከፈተናው ጋር ይገጥማል። ሠራተኞቹን ግን በዚያ ሰሞን አታሰናብቱ፤ የሕንፃውን ዙሪያ የውሃ ቦይ ያጽዱበት፣ ድምፅ የለውም።