«እንቅልፍ ብቻ ነው ያጣሁት» ለምትሉኝ ልጆቼ

ፒያሳ አካባቢ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ መቆም ከጀመርኩ 33 ዓመት ሆነኝ። ጠዋት የሚመጡት አብዛኞቹ እናቶችና አዛውንቶች ናቸው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የጨጓራ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግን ሌላ ደንበኛ ይመጣል። ወጣት ነው። ሌላው ሰው ተስተናግዶ እስኪወጣ ድረስ የሳሙናውን መደርደሪያ እያየ ይቆማል። ከዚያ ይጠጋና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ማዘር፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። የሆነች ነገር ይሰጡኛል?»

ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ልጆች ነው። ሴቶቹም አሉ። እነሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ለእናቴ ነው» ይሉኛል።

ከዓመታት በፊት አንዱን አዘንኩለትና ሰጠሁት። የሰፈሬ ልጅ ነው፤ እናቱን አውቃታለሁ። ተመርቆ ሥራ ሳያገኝ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። የሰጠሁት ዳያዜፓም የሚባለው የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ክኒን በተለየ የማዘዣ ወረቀት እንደሚታዘዝና መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር አሳምሬ አውቃለሁ። «ለጥቂት ቀን ነው፤ ልጁ ይተኛ» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ትጠጣለህ ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም። በሳምንቱ እናቱ ጠዋት ልትቀሰቅሰው ብትገባ አልነቃ አላት። ማታ ከጓደኞቹ ጋር አረቄ ጠጥቶ ገብቶ እላዩ ላይ ክኒኑን ጨምሮበት ኖሯል። ጎረቤት ተረባርቦ ሆስፒታል አደረሰው፤ ተረፈ። እኔ ሥራዬን ልተው ደርሼ ነበር።

ካገገመ በኋላ መጥቶ ያለኝን አልረሳውም። «እትዬ፣ መሞት ፈልጌ አይደለም። ጭንቅላቴ ለአንድ ሌሊት ዝም እንዲልልኝ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ የሰጠሁት ለእንቅልፍ ነው። እሱን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነበር።

«እንቅልፍ አጣሁ» ስትሉ እውነታችሁን ነው፤ አልተጠራጠርኳችሁም። ጥያቄዬ እንቅልፉን ማን ወሰደው የሚል ነው። ድብርት የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የሚተኛው ተኝቶ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ዓይኑ ይፈጣል። ከዚያ ወዲያ አይመለስለትም። ጠዋቱ ከማታው ይከብደዋል። ኳሱም፣ ሙዚቃውም፣ ጓደኛውም ጣዕም ያጡበታል። አንድ ገጽ አንብቦ ምን እንዳነበበ አያውቅም። በሆነው ባልሆነው ጥፋተኛ ነኝ ይላል። እኛ አገር ደግሞ በሰውነት በኩል መምጣት ይወዳል። ራሴን ይወቅረኛል፣ ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴ ዝሏል ይባላል። ሰውዬው ስለ ሐዘኑ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይሄዳል።

ቃላችንም አልረዳንም። ታክሲ ሲጠፋ ደበረኝ፣ ፊልሙ ሲረዝም ደበረኝ እንላለን። ስለዚህ አንድ ልጅ ከልቡ «ደብሮኛል» ሲል የሚሰማው የለም። «ና እንውጣ፣ አንድ ሁለት ትላለህ» ይሉታል። ይህ ነገር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት ካልለቀቃችሁ ሙድ መጥፋት አይደለም። ሕመም ነው። በዓለም ላይ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል።

መጠጡ የሚሠራ የሚመስላችሁ ለሁለት ሦስት ሰዓት በእርግጥ ስለሚሠራ ነው። አንጎላችን ውስጥ ጋባ የሚባል የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር አለ። አልኮል የእሱን ሥራ ያጎላዋል። ትከሻ ይፈታል፣ ሐሳብ ይላላል። አንጎል ግን ዝም ብሎ አይቀበልም። ሚዛኑን ለመመለስ የሚያነቃውን ወገን ያበረታል። ሌሊት አልኮሉ ከደም ሲወጣ ያ የበረታው ወገን ብቻውን ይቀራል። ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ክፉ ሐሳብ ይመጣል። ጎኑ አልጋ እንደነካ የተኛው ልጅ 9 ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ የሚያድረው ለዚህ ነው። «አሁንም እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ትናንት ያነሰኝ ነው» ይልና ነገ አንድ ጃምቦ ይጨምራል።

የከተማችንን ሰንሰለት ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት ጫት። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። ጨብሲው ያላስተኛውን ለማስተኛት ክኒን። ጠዋት ለመነሳት ቡና በቡና ላይ። እዚህ ላይ ሲደረስ የትኛው ሕመም፣ የትኛው የመጠጡ ሥራ እንደሆነ ለመለየት ሐኪምም ይቸገራል። ምክንያቱም መጠጥ ራሱ ድብርት ያመጣል። ብዙ ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሳይጠጣ ከቆየ ድብርቱ በግልጽ ይቀልለታል። የማይቀልለትም አለ፤ እሱ ቢያንስ የሚታከመው ምን እንደሆነ ይታወቃል።

ስለ ክኒኑ ትንሽ ዘርዘር ላድርግላችሁ፤ ሙያዬ ነው። ዳያዜፓም ገበያ ላይ የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው። ክፉ መድኃኒት አይደለም። የሚጥል በሽታ የተነሳበትን ሰው ሕይወት ያተርፋል። ግን ለአጭር ጊዜ ነው የተሠራው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባይበልጥ ይመከራል። ሰውነት ይለምደዋል፤ ያስተኛ የነበረው አላስተኛ ይላል፤ ካልወሰዱት ደግሞ ጭንቀቱ ከመጀመሪያው ብሶ ይመጣል። ድብርቱን አያክመውም።

ብዙዎቻችሁ የማታውቁት አንድ ነገር አለ። ዳያዜፓም ቶሎ ከሰውነት አይወጣም። ግማሹ ብቻ ለመውጣት አንድ ቀን፣ ሁለት ቀንም ይፈጅበታል። ጉበት ደግሞ ከእሱ ሌላ የሚሠራ ንጥረ ነገር ያወጣል፤ ያኛው ከእሱም በላይ ይቆያል። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ወስዶ ረቡዕ ማታ ለመጠጣት የወጣ ልጅ «የትናንት ነው፣ አልቀላቀልኩም» ቢል ተሳስቷል። ቀላቅሏል።

መቀላቀል ማለት ምን እንደሆነ በግልጽ ልንገራችሁ። አልኮሉም ክኒኑም የሚያጎሉት ያንኑ ጋባን ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ እንቅልፉ ጠልቆ ትንፋሽ ይቀንሳል። የሚያስታውከው ሰው ትውከቱን ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። አንዱ ልጅ «ስንት ቢሆን ነው የሚያሰጋው?» ብሎኛል። የሚያድን ቁጥር የለም። ሆዱ ባዶ በነበረ፣ ጉበቱ በደከመ፣ ሌላ መድኃኒት በወሰደ ሰው ላይ ትላንት ምንም ያላደረገው ዛሬ ያደርጋል።

ጓደኞች፣ ይህችን ያዙልኝ። ጠጥቶ የተኛ ሰው ብትጠሩት ብትነቀንቁት ካልመለሰ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» አትበሉ። በጎኑ አስተኙት። ብቻውን አትተዉት። ቡና አታጠጡት፣ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱበት፣ እንዲያስታውክም አታድርጉት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና አስቁሙ። የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

አሁን ደግሞ እሰጋለሁ። ይህን አንብቦ «ከዛሬ ማታ ጀምሮ በቃኝ» የሚል ይኖራል። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ወይም ክኒኑን ለሳምንታት የወሰዳችሁ፣ በድንገት አታቁሙ። መጠጥ በድንገት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊጥለውም ይችላል። በሦስተኛው ቀን አካባቢ የሌለ ነገር የሚያይ፣ የት እንዳለ የሚጠፋበት አለ። ይህ ሕይወት ያጠፋል። ክኒኑም በድንገት ሲቆም ሊጥል ይችላል። መውጫ መንገድ አለው፤ በሐኪም እጅ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። በየቤታችን ግን ይህን ሲያዩ «ለከፈው» ይሉና ወደ ጸበል ይሮጣሉ። እኔም ጸበል እሄዳለሁ፤ እምነቴ ነው። የሚንቀጠቀጠው ልጅ ግን አስቀድሞ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። ጸበሉ የትም አይሄድም።

ለምን ሐኪም ዘንድ እንደማትሄዱም አውቃለሁ። አንድ ስም ነው የሚያስፈራችሁ። መርካቶ አጠገብ ያለው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል፣ አማኑኤል፣ ስሙ በልጅነታችን ስድብ ነበር። እኔም ተሳድቤበታለሁ፤ ዛሬ ያሳፍረኛል። የዛሬው ነገር ግን ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለዚህ ትምህርት ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። አሁን ጥቁር አንበሳም ክፍሉ አለ። ስሙ ከከበዳችሁ የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ከዚያ ይልኳችኋል።

ለድብርት የሚታዘዘው፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን፣ እንደ ዳያዜፓም ሱስ አያስይዝም። ፈጣን ግን አይደለም። ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽ፣ መቁነጥነጥ ሊኖር ይችላል። ከ25 ዓመት በታች ያላችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉ ሐሳብ ከበረታባችሁ ወዲያው ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ቤት ውስጥም አንድ ሰው ይወቅላችሁ። ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥም የለም፤ ከተሻላችሁ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል። ሌላው የድብርት መድኃኒት፣ አሚትሪፕቲሊን፣ የታዘዘላችሁ ከመጠጥ ራቁ፤ እሱም ያስተኛል። ከመድኃኒቱ ጎን ከባለሙያ ጋር መነጋገርን አትናቁ። ለአንዳንዱ እሱ ብቻ ይበቃዋል።

ያ የሰፈሬ ልጅ የድብርት መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ «ምንም የለውም፣ ልተወው ነው» አለኝ። ለመንኩት። በስድስተኛው ሳምንት በመድኃኒት ቤቱ በር ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ዛሬ ሽሮ አማረኝ» አለኝ። እናቱ ስትሰማ አለቀሰች። ምግብ ካማረው ወራት አልፈው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ደንበኞቼ ሄዱ። በር ለበር የሚተዋወቁት ተበታተኑ። አንዱ ወጣት አሁንም ከሩቅ ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲ ይመጣል፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ እዚህ ይጠጣል፤ ሲመለስ እኔ ጋ ይቆማል። ክኒን አልሰጠውም። ወንበር እሰጠዋለሁ። ይህ ሕክምና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ባለፈው ወር አብሬው ጤና ጣቢያ እንድሄድ ጠየቀኝና ሄድን።

«መኖር ምን ያደርጋል» የሚል ሐሳብ የመጣባችሁ፣ ያን ማታ ለአንድ ሰው ተናገሩ። እስኪነጋ አትጠብቁ። ቤት ያለውን ክኒን ለእናት፣ ለእህት፣ ለጎረቤት አስረክቡ። ብቻችሁን አትደሩ።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ደግሞ «ምን ሆነሃል? ምን ሆነሻል?» ትባላላችሁ። «እንቅልፍ» ብላችሁ አትመልሱ። «እንቅልፍ» ብትሉ የእንቅልፍ ክኒን ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ እኔም ያደረግኩት ያንኑ ነው። እንዲህ በሉ፦ «ደስ የሚለኝ ነገር ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖኛል። ሌሊት 9 ሰዓት እነቃለሁ። ለመተኛት ስል እጠጣለሁ፤ ክኒንም ወስጃለሁ።» አፋችሁ እምቢ ካላችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው። እኔ ባንኮኒ ላይ ብትጽፉትም እስክሪብቶ አለ።