አባዬ «ጤና ግቢ» ይላል፣ እኔ የምፈልገው የውሃ ምህንድስና ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከመራዊ ነው። 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ጨርሻለሁ፣ ውጤቴም ጥሩ ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲ መምረጫችን ደርሷል። ያደግኩት የቆጋ መስኖ ከሚያጠጣው ማሳ አጠገብ ነው። ቦይ ሲደፈን፣ ተራ ሲዛባ፣ ሰው በውሃ ሲጣላ እያየሁ ስላደግኩ የመስኖና የውሃ ምህንድስና መማር እፈልጋለሁ። አስተማሪዬ አርባ ምንጭን አንደኛ አድርጊ አለኝ። አባዬ ደግሞ «ጤና ግቢ፣ ሥራ አታጪም፤ ከባሕር ዳርም አትለፊ» ይላል። እናቴ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ታለቅሳለች። አስቀይሜያቸው ልሂድ ወይስ እሺ ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ታስሮብሻል። አንዱ ምን ልማር ነው፣ ሌላው የት ልማር። እቤት ውስጥ ግን ውሃ ማለት አርባ ምንጭ፣ ጤና ማለት ባሕር ዳር ሆኖ ቀርቷል፤ ለዚህ ነው ንግግሩ እንባ የሚያመጣው። መጀመሪያ ይህን ፍቱት።

አስተማሪሽ ያለምክንያት አልመከረሽም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. ሲጀምር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፣ እስከዛሬም ስሙ የሚነሳው በውሃ ነው። ግን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ በሆነው ፖሊ ግቢም የሲቪልና የውሃ ሀብት ምህንድስና ፋኩልቲ አለ። ከመራዊ ደርሶ መልስ የሚሆን መንገድ ነው። ስለዚህ አባትሽ ከባሕር ዳር አትለፊ ስላሉ ብቻ ሕልምሽን መተው የለብሽም።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ትምህርቱን አጥብቄ እይዛለሁ፣ በቦታው ግን እደራደራለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ የማትወጂውን ማጥናት ከባድ ነው፤ በመጨረሻ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ እሱን ሳታልፊ ዲግሪ የለም። ከቤት መራቅን ግን ሰው ይለምደዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውጤቴ ጥሩ ነው ብለሻል፣ በየትኛው ትምህርት እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም። ምህንድስና ሂሳብና ፊዚክስ ነው፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ። እነዚህን እየጠላሽ ቦዩን ብቻ ወደሽው ከሆነ ደግመሽ አስቢበት። ለማወቅ ሩቅ አትሂጂ። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተሠራ ነው፣ እዚያ የሚሠሩ መሐንዲሶች አሉ። አንዱን ፈልገሽ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ምን እንደሚሠራ፣ መስክ ስንት ቀን እንደሚወጣ፣ ገበሬው ውሃ አልደረሰኝም ብሎ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂው። ከዚያ በኋላም ደስ ካለሽ እርግጠኛ ሁኚ።

ስለ ሥራው አባትሽ የተናገሩት ከልባቸው ነው፣ አታቃልዪው። ነገር ግን በጤና ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ልጆች ዛሬ በየከተማው አሉ። በምህንድስናም አሉ። ሥራ አታጪም ብሎ ማንም ዋስ ሊሆንሽ አይችልም፤ ይህን ለአባትሽ በአክብሮት ንገሪያቸው። ደግሞ አሁን የምትመርጪው ዩኒቨርሲቲውን ነው። መጀመሪያ ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ትማሪያለሽ፤ ዲፓርትመንት የምትደለደይው ከዚያ በኋላ በምርጫሽና በውጤትሽ ነው። እዚያ ላይ ውጤትሽ ዝቅ ካለ ምኞት ብቻውን አያስገባሽም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ አጥኚ። ፍሬሽማን ቀላል ነው የሚሉሽን አትስሚ።

ሌላም አለ፣ ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ከአሁኑ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ምርጫሽን ትሞያለሽ እንጂ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ባሕር ዳርን አንደኛ አድርገሽ ሌላ ቦታ ሊደርስሽ ይችላል። አባትሽ ምደባው ወጥቶ ድንገት ከሚደነግጡ አሁን ተነጋገሩበት። የሚፈሩትን ነገር በስሙ ጠይቂያቸው። የመንገዱ ሁኔታ ነው? ሴት ልጅ ብቻዋን መሆኗ ነው? ገንዘቡ ነው? ለእያንዳንዱ መልሱ የተለያየ ነው። የመንገዱ ስጋት እውነት ነው፣ እኔም አልከራከራቸውም፤ ለዚህ ነው ባሕር ዳርን አንደኛ፣ አርባ ምንጭን ሁለተኛ አድርጊ የምልሽ። የገንዘቡ ከሆነ ዶርምና ምግብ በወጪ መጋራት ስለሚሸፈን የምትከፍይው ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ነው። በየወሩ ከቤት የሚያስፈልግሽ ለሳሙና፣ ለኮፒ፣ ለስልክ ካርድና ለትራንስፖርት ነው። እሱም ቀላል አይደለም፣ ስንት መላክ እንደሚችሉ ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

አርባ ምንጭ ከደረሰሽ ደግሞ አገሩ ሞቃት ነው፣ ወባም አለ። ከጎጃም ለሚሄድ ልጅ አጎበር ከጋቢ ይቀድማል። በሶና ዳቦ ቆሎ ያዢ፣ የመጀመሪያው ወር የካፌው ምግብ ላይስማማሽ ይችላል። የናፍቆቱ ጊዜ ሲመጣ ከዶርም ልጆች ጋር ዋዪ እንጂ ብቻሽን አትተኚ።

እናትሽን አግባቢ ብዬ አልመክርሽም። ልጅ ስትርቅ ማልቀሳቸው ያለ ነው። በየስንት ቀኑ እንደምትደውዪ ቃል ግቢላቸው፣ ቃሉንም ጠብቂ።

ምርጫው ሳይዘጋ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ ቀን አባትሽን ይዘሽ ፖሊ ግቢ ሂጂ። የውሃ ምህንድስና የሚማሩ ትልልቅ ተማሪዎች፣ በተለይ ሴቶቹን፣ ፈልጊና አባትሽ ራሳቸው ይጠይቋቸው። ከአንቺ አፍ አሥር ጊዜ ከሚሰሙት ይልቅ ከእነሱ አንዴ የሚሰሙት ይበልጥ ያሳምናቸዋል።