ገለባው አረንጓዴ ለበሰ፣ እንጉዳዩ ግን የለም

ጥያቄ፦ «ኦይስተር እንጉዳይ በስንዴ ገለባ ዘርቼ ነበር። ገለባውን በደንብ አዘጋጅቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አረንጓዴ ሆነና መሽተት ጀመረ። ሐሳቤ እንጉዳዩን ለቅሜ የተረፈውን ኮምፖስት ማድረግ ነበር። ዘሩ ይሆን የተበላሸው?»

መልስ፦ እኔ ዘሩን አልጠረጥርም። «በደንብ አዘጋጅቼዋለሁ» ብለዋል፣ እንዴት እንዳዘጋጁት ግን አልጻፉም። ግምቴን ልንገርዎት፦ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው፣ ውሃው በቅጡ ሳይንጠፈጠፍ ፌስታል ውስጥ ከተቱት። አረንጓዴው ትሪኮደርማ የሚባል ሻጋታ ነው። ብዙ ጊዜ ከገለባው ጋር ነው የሚመጣው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ምንም አያደርገውም። ሽታው ደግሞ ገለባው ውሃ በዝቶበት አየር እንዳጠረው ይናገራል።

መድኃኒቱ ሙቅ ውሃ ነው። አንድ በርሜል ካለዎት ሌላ ነገር አያስፈልግም። ገለባውን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር እየቆረጡ ጆንያ ውስጥ ይክተቱት፣ በርሜሉ ውስጥ ይንከሩትና እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጫኑበት። ውሃው ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆኖ 1 ሰዓት ይቆይ። መለኪያ ከሌለዎት ከሥር ትናንሽ አረፋ መነሳት ሲጀምር እሳቱን ይቀንሱ። እንዳይንተከተክ! ብዙ ሰው «ይበልጥ ይጽዳ» ብሎ ያፈላዋል፤ እሱ ደግሞ ሻጋታውን የሚቀናቀኑትን ሙቀት የሚችሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ጭምር ይጨርስና ገለባውን ባዶ ሜዳ ያደርገዋል።

ከዚያ ጆንያውን ሰቅለው ያንጠፍጥፉት። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። አንድ እፍኝ ገለባ ጨብጠው አጥብቀው ሲጨምቁት ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ ደርሷል፤ ከፈሰሰ ገና ነው። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ እጅዎን ታጥበው ለ20 ኪሎ እርጥብ ገለባ 1 ኪሎ ዘር ይቀላቅሉ፣ ፌስታል ውስጥ ይክተቱትና ፌስታሉን ዙሪያውን ይብሱት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ዝናብ የመታውንና የጠቆረውን፣ ከብት እንኳ የጠላውን ገለባ ለእንጉዳይ ማድረግ በየቦታው የማየው ልማድ ነው። እባካችሁ ተዉት። እንጉዳይ የሚፈልገው ደረቅና ቢጫ ገለባ ነው። ለኮምፖስቱ ብላችሁም ከመዝራታችሁ በፊት እበት አትቀላቅሉ፤ ሻጋታውን መቀለብ ነው የሚሆነው። እበቱ ተራው ከለቀማ በኋላ ነው።

የተበላሸውን አይጣሉት፣ ለኮምፖስት ይሆናል። ፌስታሉን ውጭ ይቅደዱና ለብቻ ያስቀምጡት፤ ፕላስቲክ ክምር ውስጥ እንዳይገባ። ገለባውን ከእበትና ከለምለም ቅጠል ጋር እያፈራረቁ 1 ሜትር ያህል ይከምሩት፣ ሲደርቅ ውሃ ያርከፍክፉበት፣ በየሁለት ሳምንቱም ያገላብጡት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንጉዳይ ከተለቀመበት በኋላ የሚተርፈው ገለባም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ እንዲያውም እንጉዳዩ ቀድሞ ስላላላው ቶሎ ይበሰብሳል። ክምሩ ግን ከእንጉዳይ ቤቱ ራቅ ይበል። ሲያገላብጡት የሚነሳው ብናኝ አዲሱ ገለባ ላይ ካረፈ ሻጋታው እንደገና ይጀምራል።