ዲኤክስ ስቴሽን ከማውረድህ በፊት የሰፈርህን መንገድ ለካ

ሰላም ወንድሜ። የድሮዋን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ስቴሽን ዋገንህን ግቢህ ውስጥ ራስህ ዝቅ አድርገህ ቸርኬ መቀየር እንደምትፈልግ አነበብኩ። «ሞላውን ልቁረጠው ወይ?» ላልከው፣ እኔ ቆርጬ ስላየሁት ልንገርህ።

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ከአስፋልቱ እስከ በሬ ኮረኮንች ነው፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ሁለቱን ጎን አጥቦ መሀሉን ጉብታ ያደርገዋል። ይሄን በየቀኑ እያየሁ የፊቷን ሞላ አንድ ዙር ተኩል ቆረጥኩ። ለፎቶ አማረች። ሳምንት ሳይሞላ ግን ኮፓው (የሞተር ዘይት መያዣው) ከጉብታው ጋር ተገናኘና ዘይቱን መንገድ ላይ አፈሰሰው።

ሞላ ሲቆረጥ ማጠር ብቻ አይደለም፣ ይደርቃልም፤ እንደ ድሮው አይጨመቅም። ሌላው ችግር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በክሪክ አንስተህ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው መቀመጫው ላይ ከላላ፣ ጉድጓድ ላይም ሊያመልጥህ ይችላል። በእሳት አሙቀን እናስተኛው የሚልህ ካለ አትስማው፤ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ዞረህ ሳይቆረጥ አጭር የሆነ ሞላ ፈልግ። የሽቦውን ውፍረትና የዙሩን ስፋት ከራስህ ጋር አስተያይተህ ነው ብር የምትከፍለው። ሾክ አብዞርበሩም ለአጭር ሞላ የሚሆን መሆን አለበት። የሞላ መጭመቂያ ከሌለህ የፊቱን ለጋራዥ ስጥ። በሽቦ አስሮ የሚፈታ ሰው አይቻለሁ፤ ጥርሱ ዛሬም አፉ ውስጥ ያለው በእድል ነው።

የኋላውን ግን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። የኔዋ ከኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢ ዝርግ የብረት ሞላ) ናት፤ ጎንበስ ብለህ ያንተንም እይ። አክስሉ ባሌስትራው ላይ የተቀመጠ ከሆነ በመካከላቸው ድፍን ብረት ታስገባለህ። የኔን 3 ሴንቲ አድርጌ ቶርኖ ቤት አሠራሁት። የባሌስትራው የመሀል ብሎን ራስ የሚገባበት ቀዳዳ ከሥር፣ አክስሉ ውስጥ የሚገባ ጫፍ ደግሞ ከላይ ይኑረው። ያለዚያ አክስሉ ይንሸራተታል። እንጨት አይሆንም፣ ሁለት ብረት መደራረብም አይሆንም። ረዘም ያለ ዩ ብሎን ግዛ፤ ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ መልሰህ አጥብቀው። ከሥሯ ስትገባ ደግሞ ክሪክ ብቻውን አትመን፣ በብረት ደግፋት።

አሁን ብዙዎቻችን የምንረሳው ነገር። ስቴሽን የምንገዛው ልንጭንባት ነው፤ የምናወርዳት ግን ባዶዋን ለክተን ነው! ከሰንዳፋ 2 ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስመለስ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ብሬከር ላይ ተያዘ። እየጎተትኩት ስገባ የሰፈሩ ውሾች ሁሉ አጀቡኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ቤተሰቡን አሳፍር፣ ኋላውን ጫን፣ ከዚያ ከመኪናዋ ዝቅተኛ ቦታ እስከ መሬት ለካ። የመንገድህን ክፉ ጉብታም በዚያው ሜትር ለካ። ከሁለቱ ልዩነት ላይ ሞላው ሲጨመቅ መኪናዋ የምትወርደውን ቀንስ። ለማውረድ የሚተርፍህ ያ ብቻ ነው። እኔ ጋ የተረፈው 3 ሴንቲ እንኳ በግድ ነው።

ቸርኬ ላይ፦ የኔዋ ጎማ 155/80 ባለ 13 ኢንች ነበረ፣ አሁን 185/60 ባለ 14 አድርጌያለሁ። የሁለቱም ጎማ ቁመት 578 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው አይዋሽም። የኔዋ ብሎን 4 ነው፣ ብሎኖቹ የሚሠሩት ክብ ስፋት 114.3 ሚሊ ሜትር። ከእሷ በኋላ የመጡት ባለ 4 ብሎን ኮሮላዎች 100 ናቸው። «በግድ ይገባል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥምህ ዝም ብለህ እለፍ። መሪውን ሙሉ አዙረህም ጎማው ፓራፋንጎና የፍሬን ቱቦ እንዳይነካ እይ።

ስትጨርስ የጎማ አላይመንት አሠራ። እኔ «ነገ» እያልኩ ቆይቼ ሁለት አዲስ ጎማ በውስጥ ጠርዙ ተበልቶብኛል። የፊት መብራቱም አቅጣጫው ስለሚቀየር አስተካክለው።

ኋላዋን ጭነህ ከጎን ፎቶ አንሳትና እዚሁ ለጥፍ፤ ስንት ሴንቲ እንደሚበቃህ አብረን እናያለን።