መልስ፦ ድርጅቱ እያተረፈ አክሲዮኑ ለምን ይወርዳል?

«ድርጅቱ እያተረፈ አክሲዮኑ እንዴት ይወርዳል?» ላልከው፣ የኬንያውን የቴሌኮም ድርጅት ሳፋሪኮም እይ። እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ሲሸጥ አንዱ አክሲዮን 5 ሽልንግ ነበር። በ2021 ከ40 አለፈ፤ በ2023 መጨረሻ ግን ከ15 በታች ወረደ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ኤም-ፔሳ ያኔም ጥሩ ገንዘብ ያስገባ ነበር!

አሜሪካ ወለድ ስትጨምር የውጭ ባለሀብቶች ገንዘባቸውን ወደዚያ ለመውሰድ እየሸጡ ወጡ። ሽልንጉም ተዳከመ፤ በዶላር ለሚያሰላ ሰው ኪሳራው እጥፍ ድርብ ሆነ። የአገሬውስ ሰው? በ2024 መጀመሪያ የኬንያ መንግሥት 18 በመቶ ወለድ የሚከፍል ቦንድ (የብድር ሰነድ) አቅርቦለት አክሲዮን ምን ይሠራለታል?

በዚያ ላይ ሳፋሪኮም የገባበት የእኛው የኢትዮጵያ ገበያ አለ። ከዜሮ ኔትወርክ መዘርጋት ብር ይበላል፤ በ2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ደግሞ ሂሳቡ ይበልጥ ተናጋ። እኔ ከትርፍ መግለጫው በፊት የቦንድ ወለዱን ነው የማየው።