ችግኝን በቁመቱ አትመኑ

በደን ሥራ ላይ መሰማራት ለምታስቡ ልጆቼ፣

እስራኤል ውስጥ፣ ከቤርሼባ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ኔጌቭ በረሃ አፋፍ ላይ ያቲር የሚባል ደን አለ። መተከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ 280 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ዛፍ የሐለብ ጥድ ነው። የጎንደርን ክረምት እያየሁ ላደግኩት ለእኔ፣ ዛፍ እዚያ መቆሙ ራሱ ገርሞኝ ነበር።

ችግኝ ጣቢያ ሥራ ስጀምር ረጃጅሙን እየመረጥን እንጭን ነበር። ዘሩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አልነበረም። በጋው ሊያልቅ ሲል የተከልነውን ልናይ ወጣን። ጉልበቴ ድረስ የሚደርሰው ችግኝ ቡናማ ሆኗል፤ ስነካው መርፌ ቅጠሉ እጄ ላይ ረገፈ። አጠገቡ ከስንዝር እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ችግኝ አረንጓዴ ናት። ሁለቱንም ቆፈርኩ። የረጅሙ ሥር ከከረጢቱ ቅርጽ አልወጣም። የትንሿን ሥር ተከትዬ እስከ ክንዴ ድረስ ገባሁ፤ ጫፉን አላገኘሁትም።

ያን ቀን ያየሁትን ሁሉ ዘር ነው ያመጣው አልልም። ውኃ የጠገበ ችግኝም ሥሩ ይሰንፋል። ከትልቅ ፍሬ የበቀለውም በመጀመሪያው ዓመት ይፋፋል። የዘሩን ድርሻ ለማወቅ ከተለያየ ቦታ የመጣውን አንድ ማሳ ላይ ተክሎ፣ እኩል ተንከባክቦ ማየት ነው። የሐለብ ጥድ እንዲህ ተሞክሯል። የግሪኩ ፈጥኖ ሲመዘዝ፣ የደቡብ ስፔን ደረቅ አካባቢው ዝግ ይላል።

ዝግ ማለቱ ስንፍና አይደለም። አፈር ሲደርቅ ጥድ በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውኃው ይተርፍለታል፤ ግን ምግብ የሚሠራበት አየር የሚገባውም በዚያው በር ስለሆነ ዕድገቱ ይገታል። ሳይዘጋ ከቆየ ደግሞ ውኃ የሚያወጡት ቧንቧዎች ውስጥ አየር ይገባል፤ መስመሩ ይበጠሳል። መቼ እንደሚዘጋ፣ ከሚሠራው ምግብ ምን ያህሉን ወደ ሥር እንደሚልክ፣ በከፊል ከወላጆቹ የወረሰው ነው።

ለድርቅ የሚሆን አንድ ዘረመል ፍለጋ ግን አትድከሙ። ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ያግዛል። የጥድ ጠቅላላ የዘረመል ስብስብ ደግሞ ሰፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው የአሜሪካው ሎብሎሊ ጥድ የዘረመል ስብስብ የሰውን ሰባት እጥፍ ያህላል።

እናንተ ከእጃችሁ ጀምሩ። ከመትከላችሁ በፊት ጥቂት ችግኞችን ውኃ አስጠምታችሁ የትኛው ቀድሞ እንደሚጠወልግ እዩ። የሞተውንም የዳነውንም ቆፍሩ። ዘሩ የተለቀመበትን ቦታ፣ ከፍታና ዝናብ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አንድ በጋ ፀሐይ ላይ ከዋለ አይነበብም።